አንድ እትም የቆየው ዜና

የጋዜጣችን የመጨረሻ እትም ከማተሚያ ቤት በመጣ ማግስት፣ ኮሎራዶ ስቴት፣ አውሮራ ከተማ፣ በሃቫና ስትሪት ከስልክ ጥገናው ሱቅ ጀርባ የነበረችውን የቢሮአችንን ቁልፍ ለአከራዩ አስረከብኩ። አከራዩ ግድግዳው ላይ የቀሩትን የሚስማር ቀዳዳዎች እያየ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ይቅርታ ጠይቄው ወጣሁ። የፈረንጆቹ 2019 መገባደጃ ነበር። የሥራ ዘመኔ ያለቀው እንዲህ ነው።

ከቢሮው ይዤ የወጣሁት አንድ ካርቶን ሙሉ የማስታወሻ ደብተር ነው። በየደብተሩ ሽፋን ላይ የያዘው ጉዳይ ተጽፏል፦ የታክሲ ፈቃድ፣ የግሌንዴል ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ምርጫ፣ ካፒቶል። አንዱ ሽፋን ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። አብዛኛውን ስለዚያኛው ደብተር ነው የምጽፈው።

ጋዜጣዋ በወር አንድ ጊዜ የምትወጣ፣ አሥራ ስድስት ገጽ ያላት የአማርኛ ጋዜጣ ነበረች። በኢስት ኮልፋክስ ምግብ ቤቶችና በሃቫና ግሮሰሪዎች በር ላይ በነጻ ትቀመጥ ነበር። አንዳንዱ ያነባታል፣ አንዳንዱ የመኪናውን መስታወት ይወለውልባታል። ደመወዙ ደመወዝ አይባልም። የቤት ኪራዬን የምከፍለው ጠዋት ጠዋት በኤርፖርቱ ፓርኪንግ መውጫ ላይ፣ በመክፈያ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ በማገኘው ነበር። ሪፖርተር የምሆነው ከሰዓት በኋላ ነው።

አዘጋጁ ጋሽ ተስፋልደት ነበሩ። አሥመራ ተወልደው፣ እዚያው በአማርኛ ተምረው፣ አዲስ አበባ በአንድ ማተሚያ ቤት ሃያ ዓመት አራሚ ሆነው ሠርተዋል። አውሮራ ከመጡ በኋላ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያጥፉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ጋዜጣዋን አቋቋሙ። “ጋሼ፣ የኛን ቋንቋ ለኛው ያርማሉ?” ብሎ የሚተርባቸው አይጠፋም ነበር። እሳቸውም ቀይ እስክሪብቶአቸውን ሳያነሱ፣ “በዱላ የገባ ትምህርት አይወጣም። አንተ ሳትመታ ስለተማርክ ነው የረሳኸው” ይላሉ።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በደብተሬ ግራ ገጽ ላይ ሰው የነገረኝን፣ በቀኝ ገጽ ላይ በዓይኔ ያየሁትን እንድጽፍ አዘዙኝ። ሁለቱን አቀላቅዬ የጻፍኩ ቀን ጽሑፉን ሳያነቡ ይመልሱልኛል። ጋዜጣዋ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዷ በፊት ደግሞ ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቅ ሰው ዘንድ ይደውሉና ዜናውን ጮክ ብለው ያነቡለታል። ሰውየው “እ?” ያለበት ቦታ ሁሉ በቀይ ይከበባል፣ እኔም እንደገና እጽፈዋለሁ።

ከሁሉም የባሰብኝ ግን “ያልደረስንበት” የሚሉት ነገር ነበር። እያንዳንዱ ረዘም ያለ ዜና መጨረሻ ላይ፣ በዚህ ርዕስ ስር፣ ለማወቅ ሞክረን ያላወቅነውን ነገር በአንድ ወይም በሁለት መስመር እናትም ነበር። መጀመሪያ ላይ አፈርኩበት። አላዋቂ የሚያስመስለን መሰለኝ። “ምን ያህል እንደማናውቅ ካልነገርነው የምናውቀውን ለምን ያምነናል?” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያለ እሱ ዜና ጽፌ አላውቅም።

ከጃንዋሪ እስከ ሜይ፣ የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በሚሰበሰብበት ወራት፣ ዴንቨር ወዳለው የምክር ቤቱ ሕንፃ፣ ካፒቶል፣ እየሄድኩ የኮሚቴ ስብሰባ እከታተል ነበር። ብዙ ጊዜ ከጋዜጠኞች መካከል በአማርኛ ማስታወሻ የምይዘው እኔ ብቻ ነኝ። ረቂቅ ሕግ ማንበብ የራሱ ዘዴ አለው። በኮሎራዶ ረቂቅ ውስጥ አዲስ የሚጨመረው ቃል በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል፤ የሚወጣው ቃል ላይ መስመር ይሰመርበታል። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ጋሽ ተስፋልደት አዲሱን በደማቅ ፊደል፣ የሚወጣውን ደግሞ እንደተሰረዘ እንድናትመው ወሰኑ። አንባቢው የተጨመረለትን ብቻ ሳይሆን የተወሰደበትንም ማየት አለበት ይሉ ነበር።

በፈረንጆቹ 2010ዎቹ አጋማሽ አንድ ዓመት፣ ትናንሽ ድርጅቶች ከስቴቱ ነዋሪዎች ገንዘብ የሚሰበስቡበትን ደንብ ስለሚያቀልል ረቂቅ የተደረገ ስብሰባ ተከታተልኩ። ሲያልቅ ኮሪደሩ ላይ አንዲት የስቴቱ መርማሪ አገኘሁ። ሥራዋ ኢንቨስትመንት የሚሸጡ ሰዎችን መቆጣጠር ነው። አንባቢዎቼ ገንዘብ ከመስጠታቸው በፊት ምን ይጠይቁ ብላት ሦስት ነገር ነገረችኝ፦ ሻጩ ፈቃድ አለው ወይ፣ የሚሸጠው ነገር ስቴቱ ዘንድ ተመዝግቧል ወይ፣ ትርፉ ከየት ነው የሚመጣው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማንም ሰው በስልክ በነጻ ማጣራት እንደሚችል ነግራኝ የቢሮዋን ቁጥር በካርድ ሰጠችኝ።

ዜናውን ስጽፍ “ሰነደ ሙዓለ ንዋይ” የሚለውን የመዝገብ ቃል ተጠቀምኩ። ጋሽ ተስፋልደት ሕፃናት በቤቷ ለምትጠብቅ ሴት ደውለው ሲያነቡላት፣ “እሱ ደግሞ የምን ጸሎት ነው?” አለቻቸው። በቀይ ተከበበ። በመጨረሻ የታተመው እንዲህ የሚል ነው፦ ሌላ ሰው ሠርቶ ያተርፍልኛል ብለው ገንዘብዎን ሲሰጡ የሚቀበሉት ማንኛውም ወረቀት። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ የማልሰርዘው ዓረፍተ ነገር ያ ነው። ግማሹ የጋሽ ተስፋልደት፣ ግማሹ የሴትየዋ ነው።

ዜናው ገጽ ሰባት ላይ ወጣ። ገጽ ስምንት ላይ፣ በዚያው ወረቀት ጀርባ፣ ብሩክ የሚባል ሰው ማስታወቂያ ነበር።

ብሩክ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው። በኢስት ኮልፋክስ ያረጁ ሞቴሎችን እየገዛሁ፣ እያደስኩ፣ በወር አከራያለሁ ይል ነበር። ገንዘብ ለሚያስገባ ሰው በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጣል። የወሩን ትርፍ በፖስታ አይልክም፤ ራሱ ቤት ድረስ ይዞ ይመጣል። የታመመ ይጠይቃል፣ ልቅሶ ይደርሳል። ባንክ እንዲህ አያደርግም። ሰው ያመነው በዚህ ነበር።

ነገሩ የደረሰኝ በፓርኪንግ ዳሴ መስኮት ነው። ሰለሞን የሚባል፣ በየቀኑ በኔ መውጫ የሚያልፍ ባለታክሲ፣ አንድ ቀን ከትኬቱ ጋር የተጣጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። “እህቴ፣ ይህን እይልኝ። ሦስት ወር ሆነው፣ ብቅ አላለም” አለኝ። ከኋላው መኪና ስለነበር ሌላ አልተናገርንም። የብሩክ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነበር።

ከሰዓት በኋላ በመርማሪዋ ካርድ ላይ ያለውን ቁጥር ደወልኩ። በዚያ ስም ፈቃድ የለም፣ ምዝገባም የለም። የካውንቲውን መዝገብ አየሁ፤ ወረቀቱ ላይ የተጠቀሰው ሞቴል የሌላ ሰው ነው። በ15 ቁጥር አውቶቡስ ሄጄ ሞቴሉን አየሁት። እንግዳ ተቀባዩ ብሩክ የሚባል ሰው አያውቅም። ያን ቀን ሽፋኑ ባዶ በሆነው ደብተር በቀኝ ገጽ ላይ የጻፍኩት ይህ ነው፦ በፊት ለፊት በኩል መስኮት አሥራ አራት፣ በጣውላ የተመታ ዘጠኝ፣ ቀለም አልተቀባም፣ የሚሠራ ሰው የለም።

ከዚያ ለብሩክ ደወልኩ። አልተቆጣም። “እትዬ ዘነበች፣ እርስዎ እኮ የኛው ሰው ነዎት” አለኝ። ላይሰንሱ በሂደት ላይ ነው፣ የሞቴሉም ስም ዝውውር አላለቀም አለ። የተናገረውን መልሼ አነበብኩለት፤ ልክ ነው አለ። ዜናው ሙሉ ነበር። ለህትመት አራት ቀን ይቀረን ነበር።

በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች ቢሮ መጡ። የመሯቸው አቶ ኃይሉ በሰፈሩ ብዙ የተጣላ ያስታረቁ፣ ብዙ ትዳር ያቆሙ ሰው ናቸው። ብሩክን ትናንት ማታ አስቀምጠው እንዳነጋገሩት፣ የሁሉንም ገንዘብ በአንድ ወር ውስጥ እመልሳለሁ ብሎ በፊታቸው ቃል እንደገባ ነገሩኝ። ጋዜጣ ላይ ከወጣ ግን መንግሥት ሁሉን ነገር ይዘጋዋል፣ እሱም ይጠፋል፣ ድሃው ባዶ እጁን ይቀራል አሉ።

“አንድ እትም ብቻ ታገሺን” አሉኝ አቶ ኃይሉ። “እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ አትበይ። ሽምግልና የሚሠራው ሲሸፈን ነው።”

“በዚህ አንድ ወር ውስጥ ለሌላ ሰው ቢሸጥስ?” ብዬ ጠየቅኳቸው።

“ቃል አስገብተነዋል አልኩሽ እኮ።”

መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ ጠይቄ ነበር። መልሱ መልስ እንዳልሆነም ገብቶኛል። ነገር ግን አቶ ኃይሉን ሰው ፊት ለፊት እምቢ ሲላቸው አይቼ አላውቅም፤ የሰለሞን ገንዘብ በኔ ምክንያት ቢጠፋስ ብዬም ፈራሁ። እሺ አልኩ። ለማንም ላልናገር ቃሌን ሰጠሁ።

ጋሽ ተስፋልደት በዚያ ሳምንት የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። አልደወልኩላቸውም። በደብተሬ ላይ “ላለማስጨነቅ” ብዬ ጽፌአለሁ። እውነቱ ግን ምን እንደሚሉኝ አውቅ ነበር።

ከስምንት ቀን በኋላ አለምነሽ ደወለችልኝ። አለምነሽ ሆስፒታል ውስጥ ክፍል የምታጸዳ፣ በግሌንዴል ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትኖር የስድሳ ዓመት ሴት ናት። ስለ ግሌንዴል ኪራይ ስጽፍ አነጋግሬአት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተዋወቅን። ሁለት ጉልበቶቿ ታመዋል። ለዓመታት ስታጠራቅም የኖረችው አውሮራ ውስጥ ደረጃ የማያስወጣ ቤት ለመግዛት ነው። በቅድሚያ የሚከፈለው፣ ዳውን ፔይመንቱ፣ ትንሽ ጎድሏት ነበር። ብሩክ በአንድ ዓመት ውስጥ እሞላልሻለሁ ብሏታል።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወዲያው በግራ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ስለዚህ ቃል በቃል ነው።

“ነገ ልሰጠው ነው” አለች። “አንቺ መቼም ሁሉን ቼክ ታደርጊ የለ? ሰውየው እንዴት ነው?”

“ያልታተመ ነገር አልናገርም፣ አለምነሽ።”

“ክፉ ነገር ቢኖር ትጽፊው ነበራ።”

“እንደዚያ አላልኩም።”

“ደህና ነውም አላልሽም።”

“አላልኩም።”

ሳቀች። “አንቺ ደግሞ እንደ ዳኛ አደረገሽ። በይ ደህና ዋዪ፣ ቤቱን ስገዛ የመጀመሪያዋ እንግዳ አንቺ ነሽ።”

የመርማሪዋ ካርድ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። “እዚህ ቁጥር ደውለሽ ጠይቂ” ማለት እችል ነበር። እንዲያ ካልኳት ግን ነገሩን ነገርኳት ማለት ነው፣ ቃሌን አፈረስኩ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ሥራዬን በዲሲፕሊን የምሠራ ሰው በመሆኔ እኮራ ነበር። ስልኩን ስዘጋ ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ወሩ ሲያልቅ አቶ ኃይሉ በደስታ ደወሉልኝ። ሽምግልናው ሠመረ አሉ። ሰለሞንና ሌሎች ቅሬታ ያቀረቡ ሰዎች ገንዘባቸውን መልሰው አገኙ፤ ዜናው አያስፈልግም። ሰለሞንን በዳሴ መስኮት ጠየቅኩት። የተቀበለውን የቼክ ቅጂ አሳየኝ። ቀኑን አየሁት። አለምነሽ ገንዘቧን ከሰጠች ሁለት ቀን በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ብሩክ ስልክ ማንሳት አቆመ። በኔ ዝምታ ወር ውስጥ ብቻ ለእርሱ ገንዘብ የሰጡ ሰባት ሰዎች ኋላ አገኘሁ። በሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበሩት የተካሱት፣ ጠረጴዛው ላይ ባልነበሩት ሰዎች ገንዘብ ነው። አቶ ኃይሉ ይህን አላወቁም ነበር፤ ከነገርኳቸው በኋላ ሽምግልና ተቀምጠው አያውቁም ሲባል ሰምቻለሁ።

ጋሽ ተስፋልደት ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ተኝተው ነበር። ዜናውን ጽፌ ወሰድኩላቸው። መጨረሻውን ካነበቡ በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ።

“ይህን መቼ ነው ያወቅሽው?”

ነገርኳቸው።

“ለምን አልጠየቅሽኝም?”

“ታመው ነበር፣ ጋሼ።”

“ታምሜ ነበር እንጂ ሞቼ አልነበረም።” እስክሪብቶአቸውን አነሱና ከመጀመሪያው አንቀጽ ስር አንድ መስመር ጻፉ፦ የዚህ ጋዜጣ ዘጋቢ ነገሩን ከአንድ ወር በፊት አጣርታ አውቃ፣ ሳታትመው ቀርታለች። “ይህ ካልገባ ጋዜጣዋ አትወጣም” አሉኝ። ገባ።

ስቴቱ ብሩክን ከሰሰ። የተገኘው የባንክ ሒሳብ ባዶ ነበር፣ ሰውየው ራሱ ከስቴቱ ከወጣ ቆይቷል። ሰለሞን ዜናውን ካነበበ በኋላ በኤርፖርቱ በሌላ ዳስ በኩል መውጣት ጀመረ።

በሚቀጥለው ዓመት ካፒቶል ውስጥ አንድ ረቂቅ ሕግ ቀረበ። ኢንቨስትመንት የሚሸጡና የሚያማክሩ ባለፈቃዶች፣ ዕድሜው የገፋ ደንበኛ እየተጭበረበረ ነው ብለው ሲጠረጥሩ ለሚመለከተው ክፍል እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ነበር። ዝም ማለት ክልክል ይሁን ነው ነገሩ። አለምነሽ ሰምታ ኮሚቴው ፊት ሄጄ እናገራለሁ አለች። አስተርጓሚ ስትፈልግ ሌላ ማንንም አላስቸገረችም፤ እኔን ጠየቀችኝ። ዘጋቢ የዜናው አካል አይሆንም የሚለውን ደንብ ጋሽ ተስፋልደት ነበሩ ያስተማሩኝ። ስነግራቸው፣ “አንቺ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አካሉ ነሽ፤ ሂጂ” አሉኝ።

ለእያንዳንዱ ተናጋሪ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ትርጉሙ ሲጨመር የሷ አንድ ተኩል ሆነ። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ቤቱ ተናገረች። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ተረጎምኩ። ከዚያ ወደ ኮሚቴው እያየች እንዲህ አለች፦

“ከመስጠቴ በፊት አንድ የማምናትን ሰው ጠይቄ ነበር። ታውቅ ነበር። ዝም አለችኝ።”

ማይክሮፎኑ ከፊቴ ነበር። ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። አንድም ቃል አልቀነስኩም፣ አንድም አልጨመርኩም። ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ ሽበታም ሰውዬ፣ ያቺ ሰው ባለፈቃድ ነበረች ወይ፣ ማን ናት ብለው ጠየቁ። ለአለምነሽ ተረጎምኩላት። ወደኔ አልዞረችም።

“ይተዉት በያቸው” አለች።

“ይተዉት ትላለች” ብዬ ተረጎምኩ። የሦስት ደቂቃው ደወል ተደወለ።

ሕጉ በዚያው ዓመት ጸደቀ። ጽሑፉን በትልልቅ ፊደል ከተጻፈው ጀምሮ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለፈቃዶችን ያስገድዳል፤ ብሩክ ፈቃድ አልነበረውም። ለአረጋውያን ነው፤ አለምነሽ ሕጉ የሚለው ዕድሜ ላይ አልደረሰችም። እኔም ጋዜጠኛ እንጂ የኢንቨስትመንት አማካሪ አልነበርኩም። ጥሩ ሕግ ነው፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል። በዚያ ወር ሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ ከኛ ማንንም አይነካም ነበር።

በተናገረችበት ቀን ከካፒቶሉ ወደ ግሌንዴል በመኪናዬ አደረስኳት። ደረጃውን አብሬአት ወጣሁ፤ በየፎቁ እየቆመች ግድግዳውን ትደገፋለች። በሩ ላይ አመሰገነችኝ። ግቢ አላለችኝም። ወደ ታች ስወርድ ቆጠርኩት፣ መኪናው ውስጥ ሆኜም በዚያው ሽፋኑ ባዶ በሆነው ደብተር በቀኝ ገጽ ጻፍኩት፦ ደረጃ ሠላሳ ስምንት።

ጋሽ ተስፋልደት ጋዜጣዋ ከመዘጋቷ ሁለት ዓመት በፊት አረፉ። እኔም ከዚያ በኋላ ዜናውን ለሌላ ሰው በስልክ እያነበብኩ፣ ብቻዬን ቀጠልኩ። ሰው ሁሉን ነገር በስልኩ ማየት ሲጀምር ማስታወቂያው ቀረ፣ ጋዜጣዋም ቀረች። አለምነሽ አሁንም ሦስተኛ ፎቅ ናት። አሁንም ትሠራለች። ልንዘጋ ጥቂት ወራት ሲቀሩን ሃቫና ግሮሰሪ ውስጥ ተገናኝተን ስለ ጤንነት፣ ስለ ኪራይ ተጠያየቅን። ጋዜጣዋ እንደምትዘጋ ስነግራት ከልቧ አዘነች።

በመጨረሻው እትም ላይ የራሴን ጽሑፍ አላወጣሁም። ስለዚህ ጋሽ ተስፋልደት እንዳስተማሩኝ፣ ይህንን እዚህ ልጨርሰው።

ያልደረስንበት፦ ያን ቀን በስልክ “ቆዪ” ብላት አለምነሽ ትቆይ ነበር ወይ? ይህን የምታውቅ አንድ ሰው አለች። ስልክ ቁጥሯ ሽፋኑ ባዶ በሆነው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። አልጠየቅኳትም።